የአብዮት ልቦለድ በደሴ አንባቢ ዓይን፦ የ«ሁለት ከተሞች ታሪክ» ጭብጦችና ትእምርቶች

«የሁለት ከተሞች ታሪክ» እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ የፈረንሳይን አብዮት መነሻና የሽብሩን ዘመን የተረከበት ታሪካዊ ልቦለድ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሚያዝያ እስከ ኅዳር፣ ደራሲው ራሱ ያዘጋጀው በነበረ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በ31 ተከታታይ ክፍሎች ታትሟል። ትረካው የሚነሣው በ1775 ከለንደን ወደ ዶቨር ከሚጓዝ የፖስታ ሠረገላ ነው። መንገደኞቹ በጉም ውስጥ ዳገቱን በእግራቸው ሲወጡና እርስ በርሳቸው ሲጠራጠሩ የሚታዩበት ይህ ምዕራፍ፣ በክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ለወጣ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ደሴ ይህን መሰል መጽሐፍ ለማጥናት የራሷ የሆነ ዳራ አላት። የተማሪዎች ንቅናቄ ታዋቂ አባል የነበረው ዋለልኝ መኮንን የተማረበት ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የሚገኘው በዚህችው ከተማ ነው፤ ዛሬም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን ያስተምራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚሄደው አውራ ጎዳና ዳር ብዙ ሕዝብ የረገፈበት ረሃብ፣ የዘውዱን መንግሥት ካናጉት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ በየቤቱ ይታወቃል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ስለ አብዮት የተጻፈ ልቦለድ የሚያነብ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ይህም ጥቅም አለው፣ አደጋም አለው።

ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው በረሃብ ጭብጥ ላይ ነው። የተለመደው የትምህርት ክፍል ማብራሪያ ቶሎ ወደ መሥዋዕትነትና ወደ ትንሣኤ ያልፋል፤ ነገር ግን ዲክንስ ትንሣኤን ከማምጣቱ በፊት በፓሪሱ የድኆች ሰፈር በሳንት አንቷን ረሃብን እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ በየበሩ ያዞረዋል። ረሃብ ጭስ ከማይወጣባቸው የጭስ ማውጫዎች ቁልቁል ያያል፤ በዳቦ ቤቱ መደርደሪያ ላይ በእያንዳንዷ ትንሽ ዳቦ ተጽፎ ይነበባል። ሕዝቡ ሣር ይብላ ብሏል የተባለው ባለሥልጣን ፉሎን በሐምሌ 1789 ሲገደል አፉ በሣር ታጭቆ መታየቱም የዚሁ ክር ቀጣይ ነው፤ ፉሎን በታሪክ የነበረ ሰው ነው፤ ደራሲውም ይህን ዘመን የተረዳው በአብዛኛው ከቶማስ ካርላይል የአብዮቱ ታሪክ መጽሐፍ ነው። የወሎ አንባቢ ረሃቡን እንደ ማጀቢያ ሳይሆን እንደ ዋና ምክንያት አድርጎ ሲያነበው፣ መጽሐፉን ከብዙ የሌላ አገር አንባቢዎች ይበልጥ በትክክል ያነበዋል ማለት ይቻላል።

የትእምርት፣ ማለትም ከራሱ አልፎ ሌላ ትርጉም የሚወክል ምልክት፣ ጥናት ከወይን በርሜሉ ትዕይንት ቢጀምር ይመረጣል። በዚሁ ሰፈር በሚገኘው በባልና ሚስቱ በዴፋርዦች መሸታ ቤት ደጃፍ አንድ በርሜል ወድቆ ይሰበራል። የሰፈሩ ሰው ሥራውን ጥሎ ይሮጣል፤ አንዳንዱ በእፍኙ ይጠልቃል፣ ሴቶች የራስ መሸፈኛቸውን ነክረው በሕፃናቱ አፍ ይጨምቃሉ፣ ሌላው ወይኑ እንዳይፈስ በጭቃ ግድብ ይሠራል፣ የበርሜሉን ስባሪ እንጨት የሚያኝክም አለ። ከመካከላቸው አንድ ቀልደኛ ረጅም ሰው ጣቱን በአተላው ነክሮ ግድግዳው ላይ «ደም» ብሎ ይጽፋል። ለሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ እዚህ ላይ ሊቸኩል ይችላል፤ ወይኑ ሰም፣ ደሙ ወርቅ ነው ብሎ ወይኑን ይተወዋል። በቅኔ ወርቁ ሲገኝ ሰሙ ይቀልጣል፤ በዚህ ልቦለድ ግን ወይኑ እስከ መጨረሻው ወይን ሆኖ ይቆያል፣ የተጠሙ ሰዎችም በእውነት የተጠሙ ናቸው። ልቦለዱ ከተከፈለባቸው ሦስት መጽሐፎች በመጨረሻው፣ በ1792ቱ የእስረኞች ጭፍጨፋ ጊዜ፣ ገዳዮቹ መሣሪያቸውን በሞረድ ድንጋይ ሲስሉ ሴቶች ወይን ወደ አፋቸው ያቀርቡላቸዋል፤ ያን ጊዜ ወይንና ደም በአንድ ፊት ላይ ተቀላቅለው ይታያሉ። ትእምርቱ የሚጸናው በዚህ መደጋገም ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ የታየን ነገር ትእምርት ብሎ መሰየም ግምት ከመሆን አያልፍም።

ሁለተኛው ትልቅ ትእምርት የእጅ ሥራ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም ያልተጠናውም ይኸው ነው። ማዳም ዴፋርዥ በመሸታ ቤቷ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፤ በየጥልፉ የምትመዘግበው ግን የሞት ፍርድ የተቆረጠባቸውን ሰዎች ስም ነው። እንዝርት የምታሾር እናት በየደጃፉ በሚታይበት አገር የሴት እጅ ሥራ የሚታሰበው ቤትን እንደሚያለብስ በረከት ነውና፣ ክር እየሳበች ሞት የምትጽፍ ሴት ድንጋጤዋ እጥፍ ይሆናል። በሌላ በኩል ዶክተር ማኔት አለ፤ በባስቲል እስር ቤት 18 ዓመት ቆይቶ ሲወጣ የሚያውቀው ነገር ጫማ መስፋት ብቻ ነው፤ ልቡ በተሰበረ ቁጥርም ወደዚያው ወንበር ይመለሳል። በደርግ ዘመን በየወህኒው ታስረው ሹራብና ጥልፍ ይሠሩ የነበሩ ሰዎችን የሚያውቅ አንባቢ፣ የእስረኛ እጅ ለምን ሥራ እንደሚሻ ከማኔት ጫማ ይረዳል። ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል፤ አንዱ ላለማሰብ ይሠራል፣ ሌላው ላለመርሳት።

ላለመርሳት የሚሠራው እጅ ወደ ቂም ጭብጥ ያደርሳል። የባላባቶቹ የኤቭሬሞንድ ወንድማማቾች በደል የጎዳው ቤተሰብ የማዳም ዴፋርዥ ቤተሰብ መሆኑ የሚገለጸው ዘግይቶ ነው። ዶክተር ማኔት በ1767 በእስር ክፍሉ ጽፎ የደበቀው ክስ ከባስቲል ውድቀት በኋላ ይገኝና፣ ጸሐፊው ራሱ ሳይፈልግ፣ የባላባቶቹን ዘር ቻርልስ ዳርኔን ለሞት ያበቃዋል፤ ዳርኔ ደግሞ የልጁ ባል ነው። በወሎ ገጠር ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቅ አባጋር አለ፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣ ተቆርጦ፣ ቂሙ ከልጅ ወደ ልጅ እንዳይሻገር ይደረጋል። በልቦለዱ ውስጥ ግን ይህን የሚያደርግ አንድም ሰው የለም። ዳርኔ ርስቱንና ማዕረጉን በፈቃዱ ቢተውም ለበደሉ ካሣ የሚቀበል፣ እርቅ የሚያስገባ አካል ስለሌለ መተዉ ከዕዳው አያድነውም። አስታራቂ የሌለበት ደም የሚቆመው በሞት ብቻ መሆኑን ዲክንስ በግልጽ አይናገርም፤ የታሪኩ አካሄድ ግን ይህንኑ ያሳያል።

የትንሣኤ ጭብጥ ከዚህ አንጻር ሲታይ ይበልጥ ይከብዳል። ማኔት ከመቃብር የወጣ ያህል ይመለሳል፤ ጄሪ ክራንቸር በሌሊት ሬሳ እየቆፈረ የሚሸጥ፣ ትንሣኤን የሚያራክስ ገጸ ባሕርይ ነው፤ በመልክ የሚመስለውን ዳርኔን ለማዳን በእርሱ ፈንታ የሚሞተው ሲድኒ ካርተን ደግሞ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 11 «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» የሚለውን ቃል እያሰበ በፓሪስ ጎዳና ሌሊቱን ይመላለሳል።

አደጋው የሚመጣው ንጽጽሩ ሲቸኩል ነው። ቀይ ሽብርን ያየ ወይም የሰማ ሰው የአብዮቱን የአንገት መቁረጫ መሣሪያ፣ ጊዮቲንን፣ ሲያገኝ መጽሐፉን «አብዮት ልጆቿን ትበላለች» በሚለው የተለመደ አባባል ይዘጋዋል። ዲክንስ ሕዝቡን እንደ ባሕርና እንደ ማዕበል አድርጎ መሣሉ ለዚህ ንባብ መንገድ ይከፍታል፤ ማዕበል ጥያቄ የለውምና። የአብዮቱ መሪዎች ሮቤስፒዬርና ዳንቶን መድረክ ላይ አይወጡም፤ በነሐሴ 1789 ብሔራዊ ሸንጎው የባላባቶችን ልዩ መብት መሻሩም በትረካው ቦታ አላገኘም። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ምን እንደ ለወጠ ከወላጆቹ የሰማ የወሎ ልጅ፣ ይህ ጉድለት ትልቅ መሆኑን ለማየት ምቹ ቦታ ላይ ነው። ባስቲልንም ከአገር ቤት ወህኒ ጋር በአንድ መስመር ከማስቀመጡ በፊት፣ በሐምሌ 14 ቀን 1789 ምሽጉ ሲያዝ የተገኙት እስረኞች 7 ብቻ እንደ ነበሩ ማስታወስ ይጠቅመዋል፤ የሕንፃው ክብደት ከእስረኞቹ ቁጥር ሳይሆን ከሚወክለው ሥልጣን የመጣ ነው።

ደራሲው ራሱ ጥያቄውን የተወው በመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ለምትታይ አንዲት ስሟ ላልተጠቀሰ ልብስ ሰፊ ልጅ ነው። ይህች ድኃ ወጣት በማታውቀው ሴራ ተከስሳ ከካርተን ጋር ወደ ጊዮቲን ትወሰዳለች፤ ለድኆች ብዙ በጎ ያደርጋል የተባለው ሪፐብሊክ በእርሷ ሞት የሚጠቀም ከሆነ ለመሞት እንደማትከፋ፣ ግን እንዴት ሊጠቅም እንደሚችል እንዳልገባት ትናገራለች። የካርተንን የመጨረሻ ንግግር በቃል የሚይዙ ተማሪዎች ሁለት ነገር ሊለዩ ይገባል፦ ያ ንግግር በአፉ የወጣ ሳይሆን ተራኪው «ቢናገር ኖሮ» ብሎ ያቀረበው ግምት ነው፤ የልጅቱ ጥርጣሬ ግን በአንደበቷ የተነገረ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ በድኆች ስም የተሠራውን ሥርዓት ከድኃ አፍ በቀጥታ የሚጠይቀው ይህ ንግግር፣ ለጭብጥ ጥናት ከካርተን ትንቢት ይልቅ ጠንካራ ማስረጃ ይሰጣል።