ዘይትና ውሃ እንዴት አብረው ይቆያሉ? የሰርፋክታንትና የፖሊመር ድርሻ

የሱፍ ፍትፍት የሚሠራበትን ውሃ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሱፉ ይቀቀላል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ይጠለላል። የሚወርደው ፈሳሽ ወተት ይመስላል። አንዲት የወተት ጠብታ ግን የለበትም። ነጭ ያደረገው በውሃው ውስጥ የተበተነው የሱፉ ዘይት ነው። ጠብታዎቹ በጣም ደቃቅ ናቸው። ብርሃን ሲያርፍባቸው ወደየአቅጣጫው ይበትኑታል፤ ለዓይናችን ነጭ ሆኖ ይታያል።

ዘይት እንዲህ በውሃ ውስጥ በጠብታ መልክ ተበትኖ ሲገኝ ድብልቁ «ዘይት በውሃ ኢመልሽን» ይባላል። ወተት፣ ክሬም፣ ማዮኔዝ፣ ብዙዎቹ የቆዳ ሎሽኖች፣ የብርቱካን ጣዕም ያለው ለስላሳ መጠጥ የዚህ ቤተሰብ ናቸው። ለማደንዘዣ የሚሰጠው ነጩ ፕሮፖፎልም እንዲሁ ነው። የተለመደው ዓይነት 10 በመቶ የአኩሪ አተር ዘይትና 1.2 በመቶ የእንቁላል ሌሲቲን አለው።

ዘይትና ውሃ ብቻቸውን አይስማሙም። ብትመቷቸው ለጊዜው ይቀላቀላሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይለያያሉ። አብረው እንዲቆዩ የሚያደርጉት ሁለት ዓይነት ረዳቶች ናቸው፦ ሰርፋክታንትና ፖሊመር። ብዙ ጊዜ ሁለቱም «ማርጊያ» (ሳይለያይ ማቆያ) ተብለው በአንድ ቅርጫት ይገባሉ። ይህ አጠራር ነገሩን ያደበዝዛል ባይ ነኝ። ሥራቸው የተለያየ ነው። አንዳንዴ ይተጋገዛሉ፣ አንዳንዴ ደግሞ አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል።

መጀመሪያ ኢመልሽን በምን በምን እንደሚበላሽ እንይ። ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ጠብታዎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ጥሬ ወተት ሲያድር ክሬሙ ከላይ የሚሰፍረው ለዚህ ነው። ፍጥነቱ የሚሰላው ጆርጅ ስቶክስ እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ቀመር ነው። ቁልፉ የጠብታው ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት ነው። ስፋቱ በ10 እጥፍ ሲጨምር ፍጥነቱ በ100 እጥፍ ይጨምራል። 4 ማይክሮሜትር (አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሆነች የቅባት ጠብታ በውሃ ውስጥ በሰዓት 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ትወጣለች። ግማሽ ማይክሮሜትር ከሆነች ግን በቀን አንድ ሚሊሜትር እንኳ ብዙ ነው። የፋብሪካ ወተት በትልቅ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈውም ጠብታዎቹን ለማድቀቅ ነው። የዚህን ማሽን የፈጠራ ባለቤትነት መብት ፈረንሳዊው ኦጉስት ጎላን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1899 ነበር።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። ጠብታዎች ሳይዋሃዱ እንደ ወይን ዘለላ ሊጣበቁ ይችላሉ። ወይም በመካከላቸው ያለው ስስ ሽፋን ይቀደድና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። እንደ ብርቱካን ልጣጭ ዘይት በውሃ ትንሽ የመሟሟት ባህርይ ያለው ሲሆን ደግሞ፣ ከትንንሾቹ ጠብታዎች እየሟሟ የወጣው ዘይት ወደ ትልልቆቹ ይሄዳል። ትልቁ እየወፈረ፣ ትንሹ እየጠፋ ይሄዳል።

እነዚህን ሁሉ የሚከላከለው ምንድን ነው? ከሰርፋክታንት እንጀምር። ሰርፋክታንት ትንሽ ሞለኪውል ነው። አንዱ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ዘይት ይወዳል። ስለዚህ ሁለቱ የሚገናኙበት ገጽ ላይ ሄዶ ይሰፍራል። ንጹህ ሃይድሮካርበን የሚባለው የዘይት ዓይነት ከውሃ ጋር ሲገናኝ የገጽ ውጥረቱ (ገጹ እንዳይሰፋ የሚይዘው ኃይል) 50 ሚሊኒውተን በሜትር አካባቢ ነው። ሰርፋክታንት ሲገባ ከ10 በታች ይወርዳል። ውጥረቱ ሲቀንስ ዘይቱን ማድቀቅ ይቀላል።

የሚሸፈነው ገጽ ስፋት ይገርማል። አንድ ሚሊሊትር ዘይት አንድ ማይክሮሜትር ስፋት ባላቸው ጠብታዎች ቢከፋፈል የጠብታዎቹ ገጽ ተደምሮ 6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ዘይት፣ 2 በ3 ሜትር ምንጣፍ ያህል ገጽ! ይህ ሁሉ ገጽ የሚወለደው በቅጽበት ነው። ሰርፋክታንት ትንሽ ስለሆነ ፈጥኖ ይደርሳል። ትልቁ ጥቅሙ ይህ ፍጥነቱ ነው።

የትኛው ሰርፋክታንት ለምን ይሆናል ለሚለው ሁለት የቆዩ መመሪያዎች አሉ። ዋይልደር ባንክሮፍት እ.ኤ.አ. በ1913 እንዳስቀመጠው፣ ረዳቱ በይበልጥ የሚሟሟበት ፈሳሽ ዙሪያውን የሚከበው ይሆናል። በውሃ የሚሟሟ ከሆነ ዘይቱ ጠብታ፣ ውሃው ከባቢ ይሆናል ማለት ነው። ዊሊያም ግሪፊን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 ይህን በቁጥር አስቀመጠው። በእሱ መለኪያ ከ8 እስከ 18 ያሉት ለዘይት በውሃ ይስማማሉ። ትዊን 80 የሚባለው 15 ነው። ስፓን 80 ግን 4.3 ስለሆነ ለተቃራኒው፣ ለውሃ በዘይት ይሆናል። ቁጥሩ ግን የሚነግረን የትኛው ዓይነት እንደሚፈጠር ነው። ስንት ወር እንደሚቆይ አይነግርም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ሰርፋክታንት ድክመትም አለው። እንደ ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ያሉት ጠብታዎቹን በኤሌክትሪክ ሙል ነው የሚያራርቁት። ውሃው ላይ ጨው ሲጨመር ያ መገፋፋት ይዳከማል፣ ጠብታዎቹም ይቀራረባሉ። ደግሞም ትንንሽ ሞለኪውሎች ገጹ ላይ እየወጡ እየገቡ ይኖራሉ እንጂ አጥብቀው አይዙም።

ፖሊመር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፖሊመር ረጅም ሰንሰለት ነው። በኢመልሽን ውስጥ ሁለት ዓይነት ኑሮ አለው፤ ይህን ልዩነት ያልያዘ ሰው ቀሪውን ለመረዳት ይቸገራል።

አንደኛው ዓይነት ጠብታው ላይ ይቀመጣል። የወተት ፕሮቲን የሆነው ኬዚን እንዲህ ነው። የግራር ሙጫም፣ በንግድ ስሙ ጋም አረቢክ፣ እንዲሁ ነው። ሙጫው በብዛት የሚመጣው ከሱዳን ነው። በእኛም አገር ቦረናንና የሶማሌ ክልልን በመሳሰሉ ቆላማ ቦታዎች ይለቀማል። አብዛኛው አካሉ ስኳር ነው፤ ፕሮቲኑ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ይህ ጥቂት ፕሮቲን ነው። እሱ ዘይቱን ይይዛል፣ የስኳሩ ቅርንጫፎች ወደ ውሃው ይዘረጋሉ። ሁለት ጠብታዎች ሲቀራረቡ ቅርንጫፎቹ ይገፋፋሉ። ይህ መገፋፋት በሙል ላይ ብቻ የተመሠረተ ስላልሆነ አሲድ ያለበት ለስላሳ መጠጥ ውስጥም ይሠራል። ችግሩ ብዙ መፈለጉ ነው። ለመጠጥ በሚዘጋጀው ወፍራም ኢመልሽን ውስጥ ሙጫው ከዘይቱ ጋር እኩል ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዓይነት ጠብታውን አይነካም፤ ውሃውን ያወፍራል። ተልባ በጥብጣችሁ ስታቆዩት የሚመጣው ዝልግልግ ነገር እንዲህ ያለ ፖሊመር ነው። በፋብሪካ ታዋቂው ዛንታን ጋም ነው። ባክቴሪያ የሚሠራው ሲሆን፣ በአሜሪካ ለምግብ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ዛንታን ያለበት የሰላጣ ማጣፈጫ ሲቆም ወፍራም ነው፣ ሲናጥ ይቀጥናል። ስለዚህ በቀላሉ ይፈስሳል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ግን ጠብታዎቹ መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል።

ታዲያ ትንሽ ጠብ ማድረግ ይበቃል? አይበቃም። እንዲያውም ትንሽ ዛንታን ከምንም ሊብስ ይችላል። ሁለት ጠብታዎች በጣም ሲቀራረቡ ሰንሰለቱ በመካከላቸው መግባት አይችልም። በመካከል ንጹህ ውሃ ብቻ ይቀራል፣ ከውጭ ያለው ፖሊመር ግን ይጫናቸዋል። ጠብታዎቹ ይጣበቃሉ፣ ዘለላው ይተልቃል፣ ክሬሙ ከበፊቱ ፈጥኖ ይወጣል። አሳኩራና ኦሳዋ የተባሉ ጃፓናውያን ይህን ግፊት እ.ኤ.አ. በ1954 አስረድተውታል። ከ0.1 በመቶ በታች ባለ ዛንታን ይህ ይታያል። 0.25 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ግን ዘለላዎቹ ራሳቸው መረብ ሆነው ይቆማሉ፣ እንቅስቃሴውም ይቀንሳል። ከልክ ያለፈ ሰርፋክታንትም ማይሴል የሚባሉ ስብስቦችን ይሠራና ተመሳሳይ ግፊት ይፈጥራል።

ጠብታው ላይ የሚቀመጠው ፖሊመርም ሲያንስ ሌላ ጣጣ አለው። ገጹን ለመሸፈን ስለማይበቃ አንዱ ሰንሰለት ሁለት ጠብታ ይይዛል። ድልድይ ሆኖ ያስተሳስራቸዋል።

ሁለቱ ረዳቶች አንድ ላይ ሲገቡስ? ለእኔ ከሁሉ የሚማርከው ይህ ክፍል ነው። ትንሹ ሰርፋክታንት ከፕሮቲን ይልቅ የገጹን ውጥረት በደንብ ይቀንሳል። ስለዚህ ፕሮቲኑን ገፍቶ ከጠብታው ላይ ያስለቅቀዋል። አይስክሬም ውስጥ የሚጨመረው ሞኖግሊሰራይድ የተባለ ሰርፋክታንት ሥራው ይህ ነው። ስሙ ኢመልሲፋየር (ኢመልሽን ሠሪ) ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ግን የኬዚኑን ሽፋን እንዲያሳሳ ነው። አይስክሬሙ እየቀዘቀዘ ሲመታ በከፊል የረጋው ቅባት ስሱን ሽፋን በክሪስታል ይወጋዋል። ጠብታዎቹ ተያይዘው አየሩን የሚሸከም አጥር ይሆናሉ።

ቅቤ ሲናጥም የሚሆነው የዚህ ወንድም ነው። እርጎው ለብ ብሎ ቅባቱ ከፊሉ ረግቶ ከፊሉ ሲለሰልስ፣ በመናጫው ውስጥ ጠብታዎቹ እየተጋጩ ይወጋጋሉ፣ ይያያዛሉ፣ በመጨረሻም ቅቤው ከአሬራው ይለያል። በጣም ከቀዘቀዘ ጠብታው ጠንካራ ስለሆነ አይያያዝም። በጣም ከሞቀ ደግሞ የሚወጋ ክሪስታል አይኖርም።

ተቃራኒ ሙል ያላቸው ሰርፋክታንትና ፖሊመር ሲገናኙ ደግሞ ይጣበቃሉ። በሻምፖ ውስጥ ይህ ሆን ተብሎ ይደረጋል። ጠርሙሱ ውስጥ ሰርፋክታንቱ ስለሚበዛ ሁሉም ሟምቶ ይቆያል። ፀጉር ሲታጠብ ውሃው ያቀጥነዋል፤ ያኔ ጥምሩ ከውሃው ወጥቶ የሲሊኮን ዘይት ጠብታዎችን ይዞ ፀጉሩ ላይ ያርፋል።

ኢመልሽን ሳይለያይ መቆየቱ ራሱ ችግር የሚሆንበትም ቦታ አለ። በቻይናው የዳቺንግ ነዳጅ ቦታ፣ ከድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ነዳጅ ለማውጣት አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ኬሚካል)፣ ሰርፋክታንትና ፖሊመር ያለበት ውሃ ወደ መሬት ይገፋል። ነዳጁ ይወጣል። አብሮት የሚወጣው ውሃ ግን በደቃቅ የነዳጅ ጠብታ የተሞላ ነው። ሰርፋክታንቱ ጠብታውን ሸፍኖታል፣ ፖሊመሩ ውሃውን አወፍሮታል። በገንዳ ቢያቆዩትም ቶሎ አይለይም። ለማፍረስ የሚያገለግሉት መድኃኒቶች ደግሞ ከዚያው ቤተሰብ ናቸው። አንዱ የነበረውን ሽፋን ገፍቶ በቦታው ደካማ ሽፋን የሚተካ ሰርፋክታንት ነው። ሌላው ፖዘቲቭ ሙል ያለው ፖሊመር ነው፤ ጠብታዎቹን እንደ ድልድይ ያያይዝና ተልቀው ወደ ላይ እንዲወጡ ያደርጋል። ይህኛው ከሚገባው በላይ ከተጨመረ ጠብታዎቹን መልሶ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናቸዋል፣ ውሃውም እንደገና ይደፈርሳል። ስለዚህ ሠራተኞቹ መጠኑን የሚወስኑት በጠርሙስ እየሞከሩ ነው።