«ነፋስ ያጸዳዋል» ለምትሉ

መጋቢት ላይ ካፊያ ጣል ሲያደርግ መብራት ድርግም ይላል። ያኔ ደብረ ማርቆስ ካፌ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ መሐንዲስ ነው። እንጀራዬ ስኒ ነው፤ የቡናው ሳይሆን ሽቦውን ከምሰሶው የሚለየው። እና ዝም ማለት አቃተኝ።

«ዝናቡ ነው ያጠፋው።» ከባድ ዝናብማ ስኒውን አጥቦ ይገላግለናል። ጣጣው ካፊያ፣ ጤዛና ጉም ነው። ስኒው ላይ የተቀመጠ ደረቅ አቧራ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያስተላልፍም። ሲረጥብ ግን ውስጡ ያለው ጨው ይሟሟና ኤሌክትሪክ በስኒው ገጽ ላይ መሾለክ ይጀምራል። ሙቀቱ ጭቃውን ቦታ ቦታ ያደርቀዋል፤ በደረቀው ላይ ብልጭታ ይነሳል። ብልጭታው ከጫፍ ጫፍ ሲገጣጠም መስመሩ ይቋረጣል።

«የሲሊኮን ስኒ አቧራ አይይዝም።» ይይዛል፣ ያውም ከመስታወቱ ስኒ ብሶ። ጥቅሙ ውሃውን በጠብታ ማስቀረቱ ነው።

«ነፋስ ካለ አቧራው ራሱ ይራገፋል።» ይቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አቧራውን ማን አመጣውና! አውድማ ያየ ሰው ይህን መሳት የለበትም። ገለባ የሚከማቸው አጥር ጥግ፣ ነፋሱ በሚደክምበት ነው። ስኒም ላይ እንዲሁ ነው። ነፋሱ ከንፈሩን ተሻግሮ ሆዱ ስር ሲገባ ይሽከረከራል፣ ይደክማል፣ የያዘውን ይጥላል።

ቡሬ አካባቢ ከጠጠር መንገድ ዳር የወረደ ስኒ አይቻለሁ። ጀርባውን በጣት ጠረግ ሲያደርጉት ያበራል። ሲገለብጡት ግን ሆዱ ላይ ዙሪያውን በወጡት ሽንሽኖች መሃል ቀይ አፈር ተጋግሯል፤ በጥፍርም አይለቅ።

የአየር ፍሰት ሲሙሌሽን ይህን ስኒው ሳይሰቀል ያሳያል። ስኒው ኮምፒውተር ላይ ይሳላል። በዙሪያው ያለው አየር ወደ ጥቃቅን ክፍሎች ይከፈልና በእያንዳንዱ የነፋሱ ፍጥነትና ግፊት ይሰላል። ከዚያ አቧራ ይለቀቅበታል። ሻካራው ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ይላተማል። ደቃቁ ከአየሩ ጋር ተጠማዞ ከኋላና ከሆዱ ስር ይገባል።

«አቧራ ከበዛ ሽንሽኑ ይብዛ» የሚሉትም እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። ሽንሽን ኤሌክትሪኩ በገጹ ላይ የሚጓዝበትን መንገድ ማርዘሙ እውነት ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው መደበኛ ስኒ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል መንገድ አለው፤ ሽንሽኑ የጠለቀው ከ40 ያልፋል። ጥልቁ ግን በዋናነት የባሕር ጨውና ጉም ላለበት ዳርቻ የተበጀ ነው። ጎጃም ጨዋማ ባሕር የለውም! ለደረቅ አቧራ ሆዱ ልሙጥና ክፍት የሆነው ይሻላል። ነፋሱ ሳይሽከረከር ያልፋል፣ ለጠራጊም አይከብድም።

«ኮምፒውተር ካለ ሙከራ ለምን?» ሙከራ አይቀርም። ስኒው ቆሻሻ ተለስኖ፣ በጉም ክፍል ውስጥ ቮልቴጅ ይጫንበታል።

ስኒ ልትመርጡ የተነሳችሁ ወዳጆቼ፣ ካታሎግ ከመግለጣችሁ በፊት ከመስመሩ ላይ የአንድ በጋ አቧራ አስወርዳችሁ ጨውነቱን አስለኩ። ነፋሱ ከየት እንደሚነሳም ጠይቁ። የጤፍ ውቂያ ብናኝና የሲሚንቶ ብናኝ አንድ አይደሉም፤ ሲሚንቶው በጤዛ ረጥቦ አንዴ ከጠጠረ ነፋስም ዝናብም አያነሳውም።