የሞተር ፋሻ ምንድን ነው?

ሐኪም ቤት ፋሻ ቁስል ይጠቀለልበታል። ጋራዥ ውስጥ ግን «ፋሻው አልቋል» ሲባል ማንም ወደ መድኃኒት ቤት አይሮጥም። ሁለቱም ቃላት የመጡት ከአንድ ምንጭ ነው። ጣሊያኖች ዙሪያውን የሚጠመጠም ነገርን ፋሻ ይሉታል፤ ፒስተን (ሲሊንደር በሚባለው የሞተር ቱቦ ውስጥ ላይ ታች የሚመላለሰው ክፍል) ላይ የሚጠልቀውን የብረት ቀለበት ደግሞ ፋሻ ኤላስቲካ፣ የሚለጠጥ ፋሻ እንደ ማለት ነው። ሜካኒኮቻችን ቃሉን ከካንዴላ፣ ከፍሪሲዮንና ከቴስታታ ጋር ተቀብለው ጅራቱን ቆረጡለት።

ፋሻ ሙሉ ክብ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል። ይህን ቁርጥ መጀመሪያ ያየ ሰው የተሰበረ ዕቃ የተሸጠለት ይመስለዋል። ቁርጡ ባይኖር ግን ቀለበቱ ተከፍቶ ፒስተኑ ላይ መግባትም ሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጨምቆ ግድግዳውን መግፋት አይችልም። ሐሳቡን ያመጣው ጆን ራምስቦተም የተባለ እንግሊዛዊ የባቡር መሐንዲስ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1850ዎቹ። ከእሱ በፊት የእንፋሎት ሞተር ፒስተን ዙሪያው በቃጫ ገመድ እየተጠመጠመ ይታሸግ ነበር።

አራት ምት ባለው (ፒስተኑ በየማቃጠሉ አራት ጊዜ በሚጓዝበት) የተለመደ ሞተር ሳይክል ላይ ሦስት ዓይነት ፋሻ አለ። የላይኛው የሚቃጠለውን ጋዝ ይዘጋል፤ ሁለተኛው ያግዘዋል፣ ዘይትም ይጠርጋል፤ የታችኛው የዘይት ፋሻ ነው። ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው የሚረሳው ሥራ አላቸው፦ የፒስተኑን ሙቀት ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ያሻግራሉ። ፋሻው ሲያልቅ ፒስተኑ የሚግለው አንድም በዚህ ነው።

እኔን የሚገርመኝ የላይኛው ፋሻ አሠራር ነው። በእጅ ስትጨብጡት ጉልበቱ ደካማ ነው፤ ይህ ቀጭን ነገር እንዴት ፍንዳታ ይገታል ያሰኛል። ለካ የሚገታው በራሱ በፍንዳታው ኃይል ነው። ጋዙ ፋሻው በተቀመጠበት ቦይ ውስጥ ሾልኮ ከጀርባው ይገባና ወደ ግድግዳው ይለጥፈዋል። ግፊቱ ሲበረታ መዝጊያውም ይጠብቃል።

ድካሙን ለመገመት የእኔን አሮጌ ሆንዳ ሲጂ 125 እንውሰድ። የሲሊንደሩ ስፋት 56.5፣ የፒስተኑ ጉዞ 49.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር ፋሻው በሴኮንድ ወደ 10 ሜትር ግድግዳውን እያሸ ይሄዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ወደ 36 ኪሎ ሜትር የብረት በብረት ፍትጊያ ማለት ነው፤ መሐላቸው ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው።

ይህ ሽፋን ሲሸነፍ ፋሻው ይበላል፣ ዘይትም አልፎ ይቃጠልና ሰማያዊ ጭስ ይመጣል። ጭስ ሁሉ ግን የፋሻ አይደለም። ሞተሩ አድሮ ሲነሣ ለአፍታ ብቻ የሚያጨስ ከሆነ፣ ወይም ቁልቁለት ወርዳችሁ እንደገና ነዳጅ ስትሰጡት ቡፍ የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በቫልቩ ዘንግ በኩል ዘይት እንዳይገባ የሚዘጋው የቫልቭ ጎማ ነው። ዳገት ላይ ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ጣት ወደ ፋሻው ይቀሰራል። ለማጣራት ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ፈትቶ እመቃውን፣ ማለትም ፒስተኑ ጋዙን ሲያምቅ የሚፈጠረውን ግፊት መለካት፣ ከዚያ በቀዳዳው ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው፤ ዘይቱ ከገባ በኋላ እመቃው በግልጽ ካደገ የሚያሾልከው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው።

ሲሊንደሩን ያነሣሁት በምክንያት ነው። መጀመሪያ ሞተሩን በረንዳዬ ላይ ያወረድሁ ጊዜ አዲስ ፋሻ ገዛሁ፣ አስገባሁ፣ ገጠምሁ። ምንም አልለካሁም። ጭሱ ጥቂት ሳምንት ጠፍቶ ተመለሰ፤ ጥፋቱ የእኔው ነበር። አዲስ ፋሻ በተበላ ሲሊንደር ውስጥ ጠማማ በር ላይ እንደተገጠመ አዲስ ቁልፍ ነው።

መለካት ደግሞ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የቫልቭ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ይበቃሉ። አዲሱን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡት፣ ዘመም እንዳይል በፒስተኑ አናት ገፋ አድርጉት፣ ከዚያ የቁርጡን ክፍተት ለኩ። በዚህ ስፋት ላለ ሲሊንደር 0.2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጤነኛ ነው፤ የመጨረሻ ዳኛው የሞተሩ መመሪያ ነው። ከልክ በላይ ከጠበበ ግን አደገኛ ነው፦ ፋሻው ሲግል ይረዝማል፣ ጫፎቹ ይገናኛሉ፣ መሄጃ ሲያጣ ግድግዳውን ይቧጥጣል ወይም ይሰበራል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ጊዛ ከሚባለው ተሰባሪ ብረት ስለሆነ መታጠፍ አይወድም፤ ስታስገቡትም ከሚገባው በላይ ከከፈታችሁት ቀጭ ይላል።

ልኩን ሁለት ቦታ ውሰዱ፦ አንዱን ፋሻው በማይደርስበት በታችኛው ጫፍ፣ ሌላውን ከአናቱ ጥቂት ዝቅ ብሎ። ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ለመመለስ ለአፍታ ይቆማል፤ ሙቀቱና ግፊቱ የሚበረታው፣ ዘይቱም የሚሳሳው እዚያ ስለሆነ ሲሊንደር ይበልጥ የሚበላው በዚያ በኩል ነው። የሁለቱን ክፍተት ልዩነት ለ3.14 ስታካፍሉ ሲሊንደሩ ላይኛው ወገን ምን ያህል እንደሰፋ ታገኛላችሁ። የእኔ ከታች 0.30፣ ከላይ 0.75 ሆነ። ልዩነቱ 0.45 ነው፤ ሲካፈል 0.14 ሚሊ ሜትር። ከዚህ በኋላ ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነበር።

መፍትሔው ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስቦርቡሮ ከፍ ያለ ልክ ፒስተን ማስገባት ነው። ፒስተኖች በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊ ሜትር ጭማሪ ይሸጣሉ። የእኔ ሲሊንደር ቢየላው (ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ፒስተኑን በሚያስደግፍበት ጎን ብሶ ስለተበላ 0.25 አላዳነውም፤ ወደ 0.50 ሄድን። ሞተሩም ከ124 ወደ 126 ሲሲ «አደገ»፤ ዳገት ላይ ግን ልዩነቱን ያየሁ አይመስለኝም። ቅደም ተከተሉን ብቻ አታዛቡ፦ ፒስተኑ ከነፋሻው አስቀድሞ ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራም ይሁን ከሌላ ቦታ ይገዛና ባለቶርኖው እጅ ይገባል፤ ሲሊንደሩ የሚቦረቦረው በፒስተኑ ልክ እንጂ በግምት አይደለም።

ስትገጥሙ ፊደል የተቀረጸበት የፋሻው ፊት ወደ ላይ ይሁን፤ ቁርጦቹም በአንድ መስመር አይቁሙ። ሁለት ምት ያለው ሞተር ላይ የቁርጦቹን ቦታ የሚወስንላችሁ ቦዩ ውስጥ ያለች ትንሽ ፒን ናት። የተገጠመውን ሞተር መጀመሪያ ሲነሣ ቆሞ እንዲያንጎራጉር አትተዉት፤ መካከለኛ ጭነት ይዞ ይሂድ፣ ፍጥነቱም ይለዋወጥ። አዲሱ ፋሻ ከግድግዳው ጋር ተሞርዶ የሚስማማው ከጀርባው ግፊት ሲያገኝ ነው። የእኔው ባስነሣሁት ቀን ለአሥር ደቂቃ ያህል አጨሰና ልቤን ሰቀለው፤ ለካ ስገጥም የቀባሁት ዘይት ኖሯል።