ኮከብ ዓሣ ምንድን ነው?

የአጎቴ ልጅ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ባለፈው ሀዋሳ ሲመጣ ለልጆቹ ቴምር፣ ለቤቱ ደግሞ አንድ የደረቀ ኮከብ ዓሣ ይዞ መጣ። ቴምሩ በዚያው ምሽት አለቀ። ኮከቡ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠ፣ በማግስቱ ግን የለም። ስንፈልገው የእህቴ ልጅ ጓሮ ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ አጎንብሳ አገኘናት። ውሃ ውስጥ ነክራዋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውሃ ሲያገኝ ይነሳ ይሆናላ፣ አጎቴ!»

አልተነሳም። ሳፋው ግን እስከ ማታ ሸተተ፣ እናቷም ተቆጣች። እኔ በልቤ ልጅቷን አደነቅኳት። ሳታውቀው ዋናውን ነገር ነክታዋለች፤ ኮከብ ዓሣ ከውስጡ በውሃ የሚሠራ እንስሳ ነው። የተሳሳተችው በውሃው ዓይነት ነው። በእርግጥ ሞቶ መድረቁም አለ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራው። ዓሣ አይደለም። ሀዋሳ ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄዶ ቆሮሶ ሲበለት ያየ ሰው ዓሣ ምን እንዳለው ያውቃል። ቅርፊቱ ይፋቃል፣ ስንጥቡ ይወጣል፣ የጀርባ አጥንቱ ደግሞ ለአባ ኮዳ ይጣላል። ኮከብ ዓሣ ከሦስቱ አንዱም የለውም። ለዚህ ነው ብዙ የሙያው ሰዎች «የባሕር ኮከብ» ቢባል የሚመርጡት። እኔ ግን ሰው በለመደው ስም እቀጥላለሁ።

እሱና ዘመዶቹ ኤኪኖደርም ይባላሉ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፣ «እሾሃም ቆዳ» ማለት ነው። ዛሬ በሕይወት ያሉት ወደ 7,000 ዝርያዎች ናቸው። ከእነዚህ 1,900 ያህሉ ኮከብ ዓሣዎች ናቸው። አብዛኞቹ ባለ አምስት ክንድ ይሁኑ እንጂ አምስት ሕግ አይደለም። በሰሜን ፓስፊክ የሚኖር አንዱ ግዙፍ ዝርያ እስከ 24 ክንድ ያወጣል።

ከጅቡቲ የመጣውን ገልብጬ ለልጅቷ አሳየኋት። አፉ ከታች ነው፣ መሃል ላይ። ከአፉ ተነስተው እስከ ክንዶቹ ጫፍ የሚሄዱ አምስት ቦዮች አሉ። በሕይወት ሳለ በእነዚህ ቦዮች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን እግሮች ይርመሰመሱ ነበር። አሁን ደርቀው እንደ ክር ሆነዋል። መልሼ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ፣ ከመሃል ትንሽ ፈንጠር ብላ፣ ምስር የምታህል ነጣ ያለች ነጥብ አለች። ቀረብ ብሎ ላያት ሸንተረር በሸንተረር ናት። ይቺ ነጥብ ወንፊት ናት። የባሕር ውሃ የሚገባው በእሷ ነው።

የገባው ውሃ አፉን በከበበ ቀለበት ቱቦ ይዞራል። ከዚያ በየክንዱ ይከፋፈላል፣ ከዚያ በየእግሩ። እያንዳንዷ እግር ከላይዋ ትንሽ ከረጢት አላት። የዓይን ጠብታ ላስቲኩን ስትጫኑት ፈሳሹ ወደ ጫፉ ይሄድ የለ? እዚህም እንዲሁ ነው። ከረጢቱ ሲጨመቅ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ እግሯም ትረዝማለች። ሲኖትራክ አሸዋ ሊገለብጥ ጀርባውን ሲያነሳም ሥራው ያው ነው። እዚያ የሚገፋው ዘይት ነው፣ እዚህ የባሕር ውሃ።

እግሮቹ ድንጋይ ላይ የሚጣበቁት እንደ ዋግምት በመምጠጥ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ኖሯል። ዛሬ የሚታወቀው ግን ዋናው ነገር ሙጫ መሆኑን ነው። እግሯ ስትረግጥ ሙጫ ታመነጫለች። ስትነሳ ደግሞ ሙጫውን የሚያላቅቅ ሌላ ነገር ትለቃለች። ይህን ሁሉ በየእርምጃው!

አበላሉስ? እኛ «የሆዱን አወጣ» ስንል ምስጢሩን ተናገረ ማለታችን ነው። ይሄኛው ሆዱን ራሱን ያወጣል። ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ሲያገኝ ላዩ ላይ ይወጣና በእግሮቹ ይዞ ይጎትታል። ትንሽ ስንጥቅ ከተከፈተች ይበቃዋል። ጨጓራውን በአፉ አውጥቶ በስንጥቋ ያስገባል፣ የዛጎሏን ሥጋ እዚያው ቤቷ ውስጥ ይፈጨዋል። ሲጨርስ ጨጓራውን መልሶ ይሰበስባል።

ልብ በሉ፣ ይህን የሚያደርገው አእምሮ የሌለው እንስሳ ነው። ያለው አፉን የከበበ የነርቭ ቀለበትና በየክንዱ የሚሄድ የነርቭ መስመር ነው። እንደኛ ያለ ደምም የለውም። ዓይን ግን አለው፣ ያውም በየክንዱ ጫፍ አንዳንድ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ አድርጎታል። በሌሎች እንስሳት ጭንቅላትን የሚሠሩት ጂኖች በኮከብ ዓሣ ከመሃል እስከ ክንዱ ዳር ሥራ ላይ ናቸው። ደረትና ሆድን የሚሠሩት ግን ቆዳው ላይ ሥራ ላይ አይደሉም ማለት ይቻላል። አእምሮ የለውም፣ ነገር ግን ከሞላ ጎደል ሁለመናው ጭንቅላት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ሁለት ጊዜ ነው የደገምኩት።

ክንዱ ሲቆረጥ መልሶ ያበቅላል። ሊንኪያ የሚባሉት ኮከብ ዓሣዎች ደግሞ ከዚህም ያልፋሉ። ከአንዲት የተቆረጠች ክንድ ሙሉ እንስሳ ይበቅላል።

ከዘመዶቹ ቅርብ የሚመስለው ቀጫጭን እባብ መሳይ ክንዶች ያሉት ተሰባሪ ኮከብ ነው። የባሕር ጃርት ደግሞ ጭራሽ የማይመስል ዘመድ ነው። እሾሁን አራግፋችሁ ቅሉን ብታዩት ግን አምስቱ መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ጥርሶቹም አምስት ናቸው። የእኔ ተወዳጅ ግን የባሕር ኪያር ነው። ስሙ እንደሚለው ረዘም ያለ፣ ለስላሳ፣ አሸዋ ላይ የተጋደመ ነገር ነው። ብዙዎቹ የሚተነፍሱት በመቀመጫቸው ነው። ውሃውን በዚያ ያስገባሉ፣ በዚያው ይተፉታል። አንዳንዱ ሲጨንቀው አንጀቱን ዘርግፎ ይጥላል፣ ቆይቶ አዲስ ያበቅላል። እዚያ መቀመጫ ውስጥ ገብቶ የሚኖር ቀጭን ዓሣም አለ። ጥገኝነት ከዚህ በላይ የለም።

ታዲያ ሀዋሳ ሐይቅ ውስጥ ለምን የለም? ልጅቷም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። ሀዋሳ ሐይቅ ብቻ ሳይሆን ጣናም፣ ዓባይም፣ የትኛውም ጨው የሌለው ውሃ ውስጥ አንድም ኤኪኖደርም የለም። የኮከብ ዓሣ የውስጥ ፈሳሽ ጨውነቱ ከባሕሩ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ጨውና ውሃ የሚያመዛዝንለት ኩላሊት የለውም። ሐይቃችን ውስጥ ቢጣል ውሃው ወደ ውስጡ ይገባል፣ ጨዉ ይወጣል። እንደተነከረ ሽምብራ አብጦ ይሞታል።

ሆኖም አገሩ ከእነዚህ እንስሳት ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም ማለት አይደለም። መቀሌ አካባቢና ዓባይ ሸለቆ ያለው የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለል ነበር። ከድንጋዩ ውስጥ የባሕር ጃርት ቅሪተ አካል ይገኛል። ባሕሩ ሄደ፣ ጃርቱ ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

ይህን ሁሉ ለልጅቷ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማች። ከሁሉም ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የያዘችው መሰለኝ። ማታ እናቷ ወጥ ልትሠራ ስትነሳ የጨው ዕቃው ባዶ ነበር።