ጉሱኩ ምንድን ነው?

ኦኪናዋ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ወይ ካራቴ ነው ወይ የአሜሪካ ጦር ሰፈር። ደሴቷ ግን እስከ 1879 ድረስ የራሷ ንጉሥ ነበራት፤ የሪዩኪዩ መንግሥት እምብርት ነበረች (ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዓመት ጃፓን ጠቅልላ ወሰደቻት። ከመንግሥቱ ዛሬ በግልጽ የሚታየው በየኮረብታው አናት ላይ የቀረው የድንጋይ ግንብ ነው። ጉሱኩ የሚሉት እሱን ነው።

"የሪዩኪዩ ምሽግ" ብሎ ማለፍ ይቻላል። ችግሩ፣ በደሴቶቹ ላይ ጉሱኩ ተብለው ከሚጠሩት ከ200 በላይ ቦታዎች መካከል ጦር የሚመክት ግንብ የሌላቸው ሞልተዋል። አንዳንዱ ጥቂት ድንጋይ የተደረደረበት ጉብታ ብቻ ነው። ምሽግ ከሆነ ምኑን ነበር የሚጠብቀው?

በዚህ ላይ ምሁራኑ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተከራክረዋል። አንዱ ወገን ቦታው ድሮውኑ የጸሎትና የመቃብር ስፍራ ነበር፣ ግንቡ በኋላ የመጣ ነው ይላል። ሁለተኛው የለም፣ ገበሬው ራሱን ሊከላከል ያጠረው መንደር ነው ይላል። ሦስተኛው ደግሞ የባላባት መኖሪያ ነው ባይ ነው። እኔን የሚያሳምነኝ አንድ ኮረብታ በተለያየ ዘመን ሦስቱንም ሊሆን መቻሉ ነው። ትልልቆቹ ግንቦች ውስጥ ገብቶ ለሚያይ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ በመከላከያው ቅጥር መሃል ኡታኪ የሚባል የጸሎት ቦታ አለ። ኡታኪ ቤት አይደለም፣ ምስልም የለበትም። ዛፍ፣ ቋጥኝ፣ ከፊቱ ዕጣን የሚጨስበት ድንጋይ፣ በቃ። በሪዩኪዩ ሃይማኖት ደግሞ ጸሎቱን የሚመሩት ኖሮ የተባሉ ሴቶች ናቸው። ጦረኞቹ ካለቁ ከ500 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ጸሎቱ ግን አልቆመም። ዛሬም ሰው ዕጣኑን ይዞ ይመጣል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከ12ኛው መቶ ዘመን ገደማ ጀምሮ እርሻው ሲሰፋ፣ ብረቱ ሲገባ፣ የባሕር ንግዱ ሲደራ፣ በየአካባቢው አጂ የሚባሉ ባላባቶች ተነሡ። አጂ ኮረብታ ይይዛል፣ ያጥራል፣ ወደቡን ከላይ ሆኖ ይቆጣጠራል። በ14ኛው መቶ ዘመን ትልልቆቹ ትንንሾቹን ውጠው ሦስት መንግሥታት ሆኑ፤ ሰሜን፣ መሃልና ደቡብ። የመሃሉ በ1372 ከቻይናው ሚንግ ሥርወ መንግሥት ጋር የግብር ንግድ፣ ማለትም ለንጉሠ ነገሥቱ ግብር እያቀረቡ መነገድ፣ ጀመረ። ሾ ሃሺ የተባለ ሰው ደግሞ ከደቡብ፣ ሳሺኪ ከተባለች ትንሽ ቦታ ተነሣ። በ1406 መሃሉን ያዘ። በ1416 የሰሜኑን ዋና ግንብ ናኪጂንን ሰበረ። በ1429 ደቡቡን ጨምሮ ሦስቱን አንድ አደረገ። መቀመጫው ሹሪ ሆነ።

ግንቡን ቀረብ ብለን እንየው። ናካጉሱኩ የተባለው ግንብ ለዚህ የሚመች ነው፣ ሦስቱም የድንጋይ አደራረብ ዘዴ አንድ ኮረብታ ላይ አለና። የመጀመሪያው ድንጋዩን እንደተገኘ፣ ሳይጠርቡ መከመር ነው። ሁለተኛው አራት ማዕዘን ጠርቦ በረድፍ መደርደር። ሦስተኛው፣ የመጨረሻው ብልሃት፣ ድንጋዩን አምስትም ስድስትም ጎን እንዲኖረው ጠርቦ አንዱን በሌላው ውስጥ ማጋጠም ነው፤ እርስ በርሱ ተያይዞ አይንሸራተትም። ሲሚንቶ የለ፣ ጭቃ የለ። ድንጋዩ ራሱ የባሕር ኮራል ነው፤ በረጅም ዘመን ወደ ኖራ ድንጋይ ተለውጦ ነው። ለስላሳ ስለሆነ ለመጥረብ ይመቻል። ግንቡ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ተዘረጋ ነጠላ ጫፍ እየታጠፈና እየዞረ የኮረብታውን ቅርጽ ይከተላል። ማማሩ አንድ ነገር ነው፣ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ ግንቡ ሥር የደረሰውን ጠላት ከላይ ከጎንም ከጎንም መምታት ይቻላል። በ1853 የአሜሪካው የባሕር ኃይል አዛዥ የኮሞዶር ፔሪ ሰዎች እዚህ ወጥተው ለክተዋል፤ የድንጋዩን ሥራም አድንቀው ጽፈዋል።

ናኪጂን ግን ከዚህ ይለያል። ድንጋዩ እጅግ ያረጀና ጠንካራ ስለሆነ አልተጠረበም፣ እንዲሁ ተከመረ። ግንቡ ወደ 1.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል።

አሁን ወደ ወሬው እንምጣ፣ ያለ ወሬ ግንብ አይጥምም። ናካጉሱኩን ያሳደገው ጎሳማሩ የተባለ ባላባት ነው። ከዚያ በፊት ዛኪሚ የተባለውን ግንብ የገነባውም እሱ ነው። በ1440 ወደ ናካጉሱኩ ተዛወረ። ቦታው በከንቱ አልተመረጠም። ከወዲያ በካትሱረን ግንብ አማዋሪ የተባለ ኃያል ባላባት አለ፣ ከወዲህ ሹሪ ላይ ንጉሡ አለ፤ ጎሳማሩ መሃል ላይ ቁጭ አለ። በ1458 አማዋሪ "ጎሳማሩ ሊያምፅ ነው" ብሎ ለንጉሡ ነገር አቀበለ። የንጉሡ ጦር ሲመጣ ጎሳማሩ በጌታዬ ላይ ሰይፍ አልመዝም ብሎ ራሱን ገደለ ይባላል። ወዲያው የአማዋሪ ሚስት፣ የንጉሡ ልጅ፣ ባሏ ሹሪን ሊወጋ መሆኑን ደርሳበት በሌሊት ሸሽታ ለአባቷ ነገረች። ካትሱረንም በዚያው ዓመት ወደቀ።

እንዲህ አድርጎ የጻፈው የሹሪ ቤተ መንግሥት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱ ትልልቅ ባላባቶች ጠፉ፣ ያተረፈው ንጉሡ ብቻ ነው። እኔ ይሄ ይከነክነኛል። የድሮዎቹ የደሴቲቱ ዜማዎች ደግሞ አማዋሪን ሲያወድሱት እንጂ ሲረግሙት አይሰሙም።

ካትሱረን ላይ በ2016 ዓለምን ያስገረመ ነገር ተሰማ። ከቁፋሮው የወጡ ሳንቲሞች ሲመረመሩ አራቱ የ3ኛውና የ4ኛው መቶ ዘመን የሮማ ሳንቲሞች ሆኑ፣ አንዱ ደግሞ የ17ኛው መቶ ዘመን የኦቶማን። "ሮማውያን ኦኪናዋ ደርሰው ነበር" ያሉም አልጠፉ። ቀልድ ነው። የሮማው ሳንቲም ከተመታ ብዙ መቶ ዓመት በኋላ ነው ግንቡ የተሠራው፤ የኦቶማኑ ደግሞ አማዋሪ ከሞተ 200 ዓመት ያህል ቆይቶ የመጣ ነው። ስለ ካትሱረን ሀብት አስተማማኙ ምስክር የቻይና ሸክላ ስባሪና የጣሪያ ሸክላ ነው። በዚያ ዘመን በኦኪናዋ ጣሪያውን ሸክላ የሚያለብስ ግንብ በጣት የሚቆጠር ነበርና።

ከዚያ በኋላ ያለው በአብዛኛው የመፍረስ ታሪክ ነው። በ1609 ከደቡብ ጃፓን የመጣው የሳትሱማ ጦር ናኪጂንን አቃጠለ፣ ንጉሡንም ማርኮ ወሰደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓን ጦር ሹሪ ሥር ዋሻ ቆፍሮ ዋና መምሪያውን እዚያ አደረገ፤ በ1945 ቤተ መንግሥቱ በቦምብና በመድፍ ወደመ። በ1992 ዋናው አዳራሽ እንደገና ተሠራ። ጥቅምት 31፣ 2019 ሌሊት ተቃጠለ። አሁንም በ2026 ለማጠናቀቅ ተብሎ ሥራው ተጀመረ። በ2000 ዩኔስኮ አምስቱን ግንቦች ከሌሎች አራት ተያያዥ ቦታዎች ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ከሹሪ የተመዘገበው ከአዲሱ አዳራሽ በታች ያለው የድሮው መሠረት ነው። በቃጠሎው ምክንያት ከቅርስነቱ ያልተሰረዘውም ለዚሁ ነው።

ለመሄድ የታደለ ሰው ሹሪን ለመጨረሻ ያቆየው። በካትሱረንና በናካጉሱኩ ይጀምር፤ ሁለቱ ቅርብ ለቅርብ ናቸው፣ የ1458ቱን ነገር ቆሞ በዓይን መለካት ይቻላል። ናኪጂን በጥርና በየካቲት መካከል ደማቅ ሮዝ የቼሪ አበባ ያብባል፤ ሰዉም በዚያው ልክ ይበዛል። ሶል ያላለቀበት ጫማ ይደረግ፣ ያ የኮራል ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ያዳልጣል። ኡታኪው ላይ መውጣት፣ ከዚያ ጠጠር አንሥቶ ኪስ መክተት ነውር ነው።