“ልክ አስገባልኝ” እና ሌሎች ስለ ፈረስ የሚነገሩ ስህተቶች

ሱሉልታ ፈረስ እገራለሁ። ገበሬ ያመጣል፣ ባለ ጋሪ ያመጣል፣ ለእሁድ ሽርሽር ብሎ ፈረስ የገዛ የአዲስ አበባ ሰውም ያመጣል። ሰዎቹ ይለያያሉ፣ የሚሉኝ ግን አንድ ነው፦ “ይሄ ፈረስ እልኸኛ ነው፣ ልክ አስገባልኝ።” ልክ ማስገባት ሲሉ መግረፍ ማለታቸው ነው። አልገርፍም ስላቸው በትዝብት ያዩኛል። “ታዲያ በምን ልትገራው ነው? በልመና?” ያለኝም አለ።

በቃል ስመልስ ዓመታት አለፉ። አሁን በጽሑፍ ልመልሰውና ከእንግዲህ የሚጠይቀኝን ሰው “ይሄን አንብብ” እለዋለሁ።

“ፈረስ ካልተገረፈ አይገራም”

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው። ቀንድ የለውም፣ ጥፍር የለውም። ዋና መከላከያው ሩጫ ነው። ዓይኖቹ ግራና ቀኝ የተቀመጡትም ለዚሁ ነው፤ አንገቱን ሳያዞር ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል። የማያየው ከግንባሩ ፊት ያለችውን ትንሽ ቦታና ከጭራው በስተኋላ ያለውን ነው። እንዲህ ያለ ፍጥረት ሲገረፍ “አጠፋሁ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም” ብሎ አያስብም። ሐሳቡ ሁሉ ማምለጥ ነው።

አለንጋ ምን እንደሚያስተምር ለማየት የጎጃም መንገድ ዳር መቆም ይበቃል። ነፋስ ፌስታል ያነሣል። ፈረሱ ቀጥ ይልና ጆሮውን ይቀስራል። ባለቤቱ በአለንጋ ያወርድበታል፤ ፌስታል መፍራት እንደሌለበት ያስተማረው መስሎታል። ፈረሱ የተማረው ግን ፌስታል ባለበት ሁሉ ሕመም እንዳለ ነው። በሌላ ቀን ገና ከሩቅ ሲያየው ይዘላል፣ አንዳንዴም ሲኖትራክ በሚከንፍበት አስፋልት ላይ። “አየህ፣ ጭራሽ ባሰበት” ይባልና ዱላው ይጨመራል።

ከዚህ የባሰም አለ። ፈረስ ገመዱን በጥሶ ይሸሻል። ባለቤቱ ይሮጣል፣ ይጠራል፣ የሰፈር ልጆች ይከባሉ። በመጨረሻ ፈረሱ ይሰለቸውና ወደ ሰውየው ይመጣል። እንደተያዘ ይገረፋል። ፈረስ ዱላውን ቅድም ካደረገው ነገር ጋር አያያይዘውም። የሚያያይዘው አሁን፣ በዚያችው ቅጽበት፣ እያደረገ ካለው ጋር ነው። እያደረገ የነበረው ደግሞ ወደ ሰው መምጣት ነው። ከዚያ በኋላ ይሄ ፈረስ “ለመያዝ አስቸጋሪ” የሚል ስም ይወጣለታል። አስቸጋሪ ያደረገው ማን ሆነና!

“ሲገረፍ ግን ይታዘዛል እኮ” ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አንዳንዱ ይደነዝዛል። ዓይኑ ይፈዝዛል፣ ጆሮው አይንቀሳቀስም፣ ዝንብ እንኳን ፊቱ ላይ ሲያርፍ አያባርርም። ተስፋ የቆረጠ ፈረስ እንዲህ ነው። ዝም ያለ ፈረስ ሁሉ የተገራ አይደለም። ይሄ ፈረስ አንድ ቀን ከአቅሙ በላይ የሚያስደነግጥ ነገር ሲገጥመው ማንም አያቆመውም፤ ከሰው ዘንድ እርዳታ እንደማያገኝ ቀድሞ ስላወቀ።

ታዲያ በምን ይማራል? በማላላት። ፈረስ የሚማረው ገመዱ ሲጠብቅ ሳይሆን ሲላላ ነው። አፍሳሩን ይዛችሁ ወጠር አድርጉትና ጠብቁ። አትጎትቱ፤ ጉተታ ከጀመራችሁ እሱ ያሸንፋችኋል። ትንሽ ቆይቶ ክብደቱን ወደ ፊት ያመጣል ወይም አንድ እግሩን ያነሣል። በዚያችው ቅጽበት ልቀቁለት። ሁለት ሦስት ሰከንድ ከዘገያችሁ ለምን እንደተለቀቀለት አይገባውም። እንደገና ወጠር፣ እንደገና ላላ። ትንሽ ከለመደ በኋላ ገመዱን ገና ስታነሡት ይራመዳል። ቁምም፣ ዙርም፣ ወደ ኋላ ሂድም የሚማሩት በዚሁ መንገድ ነው። ብዙ ሰው ወጠር ማድረጉን ያውቃል፤ ማላላቱን ይረሳል። ቀኑን ሙሉ ልጓም የሚሳብበት ፈረስ አፉ ይደነድናል፤ ቢታዘዝም ባይታዘዝም ያው ነውና ለምን ይታዘዝ?

ለፌስታሉም ዘዴ አለው። በረጅም እንጨት ጫፍ አስሬ፣ ፈረሱ ቀና ብሎ የሚያየው ግን የማይሸሽበት ርቀት ላይ እቆማለሁ። አንገቱ ዝቅ እስኪል፣ አፉን ላመጥ ላመጥ እስኪያደርግ እጠብቃለሁ። ሲረጋጋ ፌስታሉን ይዤ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ቀጥሎ ትንሽ ጠጋ እላለሁ። መረጋጋቱ የሚፈራውን ነገር እንደሚያርቅለት ከገባው፣ ሌላው ቀላል ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ብዙዎቹ ፌስታሉን በመጨረሻ ራሳቸው መጥተው ያሸቱታል። የማያምን ካለ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው።

እዚህ ላይ ሽማግሌዎች “ይሄ ለሕፃናት መንሸራሸሪያ ይሆናል፣ የጉግስ ፈረስ ግን እንዲህ አይገራም” ይሉኛል። አክብሬ እመልሳለሁ። አባቶቼ፣ ጉግስ ላይ ጋላቢው በአንድ እጁ ዘንግ፣ በሌላው ጋሻና ልጓም ደርቦ ይዟል። በየእርምጃው ልጓም የሚስብበት እጅ የለውም። የእሱ ፈረስ የሰውነቱን ማዘንበልና የእግሩን ንክኪ ሰምቶ መታጠፍ አለበት። የደነዘዘ ፈረስ ይሄን ከየት ያመጣል? ጃንሜዳ በጥምቀት ሰሞን ሲጋለብ የምታደንቁት ፈረስ ጋላቢውን የሚያዳምጥ ፈረስ ነው። ደግሞስ የማን ልጆች ነን? አፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው በፈረሳቸው ስም የተጠሩባት አገር ናት። ለጌታው ስም እስኪሆን የከበረን እንስሳ መግረፍ በአባቶች ስም ሊሟገቱለት የሚገባ ነገር አይመስለኝም።

“ሕመም የለበትም፣ ጥጋብ ነው”

አንድ የለገጣፎ ሰው ዳማ ፈረስ አመጣልኝ። እርካብ ሲረገጥ ይዞራል፣ ሊነክስም ይሞክራል። “ገብስ በዝቶበት ነው” አለኝ። ኮርቻውን አወረድነው። ከሥሩ የነበረውን ጨርቅ አየሁት፤ ዙሪያው በላብ ርሷል፣ ጋማው ከሚያልቅበት ዝቅ ብሎ ግራና ቀኝ ግን መዳፍ መዳፍ የሚያክል ደረቅ ቦታ አለ። ሌላው ሲያልብ የማያልብ ቦታ፣ ኮርቻው ከመጠን በላይ የተጫነው ቦታ ነው። ፀጉሩን ገለጥ ሳደርግ በዳማው መሐል ነጫጭ ፀጉሮች በቅለዋል። እሱ የቆየ ጉዳት ምልክት ነው። ጣቴን አስቀምጬ ቀስ ብዬ ጫን አልኩ። ቆዳው ተርገፈገፈ፣ ጀርባው ወደ ታች ሸሸ፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተጋደሙ።

የኮርቻው እንጨት ለዚያ ጀርባ ይጠብ ነበር። ጠባብ ጫማ አድርጎ እንጦጦን መውጣት ማለት ነው፤ ያውም ሰው ተሸክሞ። ፈረሱን አሳረፍነው፣ ኮርቻው ተቀየረ። አሁን እርካብ ሲረገጥ ቆሞ ይጠብቃል። ያንን ፈረስ እኔ ገራሁት ማለት አልችልም። የተስተካከለው ኮርቻው ነው።

ስለዚህ “እልኸኛ” ከማለታችሁ በፊት ጀርባውን ዳስሱ። ሰኮናውን አንሥታችሁ ጠጠር እንዳልተሰነቀረበት እዩ። አፉን ክፈቱ። የፈረስ ጥርስ ሲያላምጥ እየተፈገፈገ፣ ዕድሜውን ሙሉ ከድድ ሲወጣ ይኖራል፤ ጠርዙ ስለት ይሆንና ጉንጩን ይቆርጠዋል። እንዲህ ያለ ፈረስ ልጓም ሲገባለት ራሱን ቢወዘውዝ ምን ይገርማል? የጋሪ ፈረስ ከሆነ ደግሞ መሳቢያው የሚያርፍበትን ደረቱንና ትከሻውን አትርሱ። የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃ፣ ቆዳቸው ላይ እባጭ የሚደረድር የፈንገስ በሽታ አለ፤ መግቢያው ቁስል ነው። በአለንጋና በመሳቢያ የቆሰለ ፈረስ በሩን ከፍቶለታል። ቁስል ስታዩ ሐኪም አሳዩ። ቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ያ ከራቀባችሁ በየወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይገኛል። ቤንዚን ወይም የባትሪ ውኃ ቁስል ላይ የምታፈሱ፣ እባካችሁ ተዉ።

“ካመመው ይጮህ ነበር” የሚሉም አሉ። አይጮህም። የሚታደን እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል። ፊቱን ማንበብ ልመዱ፦ ከዓይኑ በላይ ያለው ቦታ ሲኮማተር፣ አፍንጫው ሲወጠር፣ ጆሮው ወደ ጎን ሲወድቅ አሞታል።

“ራብ ያለዝበዋል”

ይሄንን ስሰማ በጣም ነው የሚከፋኝ። የተራበ ፈረስ ደከመ እንጂ ለዘበ አይባልም። የፈረስ ጨጓራ ለአካሉ ትንሽ ነው፤ አሲድ ደግሞ ቢበላም ባይበላም ቀን ከሌት ያመነጫል። ለብዙ ሰዓት ባዶ ከቆየ ጨጓራው ይቆስላል። የሚያስፈልገው ድርቆሽ ወይም ሣር ቶሎ ቶሎ፣ በትንሽ በትንሹ ነው። ገብስና ፉርሽካ ተጨማሪ ናቸው፣ ዋና ምግብ አይደሉም። ውኃም በቀን ከ20 ሊትር በላይ ይጠጣል፣ ጋሪ የሚጎትት ከሆነ ከዚያም እጅግ ይበልጣል። “ማታ አንድ ባልዲ ይበቃዋል” ማለት አይሠራም።

“በደግነት የተያዘ ፈረስ ይባልጋል”

ደግነትና ልቅነትን አንድ የሚያደርግ ሰው አይጠፋም። እኔ ጋ ያለ ፈረስ ሰው ገፍቶ አያልፍም፣ ምግብ አይነጥቅም፣ ሳይታዘዝ አይራመድም። ደንብ አለው፤ ደንቡን ግን በዱላ አይደለም የተማረው። እፍኝ ገብስ ስትሰጡ ኪሳችሁን እየጎነተለ ሳለ አትስጡት፤ ፊቱን መልሶ በጸጥታ ሲቆም ስጡት። ንክሻ የሚለምደው ገብሱ ስለጣመው ሳይሆን በጉንተላ ስለተሰጠው ነው። ገብስ ከሌላችሁ እከኩለት። ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት ጋማው በሚያልቅበት ቦታ ነው፤ እዚያ ሲታከክ የልብ ምቱ ይቀንሳል። ደስ ሲለን አንገቱን ቸብ ቸብ ማድረግ ግን የእኛ ደስታ እንጂ የእሱ አይደለም።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

“ፈረስ ቆሞ ስለሚተኛ መጋደም አያስፈልገውም።” ቆሞ ያንጎላጅጃል እንጂ ጥልቁን እንቅልፍ የሚያገኘው ተጋድሞ ነው። ደረቅና ሰፋ ያለ ቦታ ያስፈልገዋል።

“ዳማ ቁጡ ነው፣ አምባላይ ጨዋ ነው።” ቀለም ጠባይ አይሰጥም።

“ጠንካራ ልጓም ፈረስ ያቆማል።” ልጓሙ የሚያርፈው ጥርስ የሌለበት፣ ስስ ቆዳ አጥንት የሸፈነበት ቦታ ላይ ነው። ከፌሮ ተጠማዞ የተሠራ ልጓም አይቻለሁ። ሕመም የፈራ ፈረስ ከሕመሙ ለመሸሽ ይሮጣል እንጂ አይቆምም።

“በሁለት ዓመቱ ካልተጋለበ ይበላሻል።” በእግር እየመሩ ማስተማር ከውርንጭላነቱ ይቻላል። የጀርባው አጥንት እድገቱን የሚጨርሰው ግን ከ5 ዓመቱ በኋላ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላው ሰው አትጫኑበት።

“ፈረስ ደደብ ነው።” ጀርመን ውስጥ ሃንስ የሚባል ፈረስ የሒሳብ ጥያቄ በሰኮናው እየቆጠረ ይመልስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ነገሩን መረመረው። ሃንስ ሒሳብ አያውቅም። የሚጠይቀው ሰው ራሱ ሳያውቀው፣ ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደረስ ፊቱና ጭንቅላቱ ላይ የሚያሳየውን ጥቃቅን ንቅናቄ እያነበበ ነበር የሚያቆመው። እንዲህ የሚያነብ እንስሳ ፊት አለንጋ ይዞ፣ በንዴት እየተንቀጠቀጡ መቅረብ ምን ያህል እንደሚያስፈራው አስቡት።

በመጨረሻ ለቅዳሜና እሁድ ጋላቢዎች። “ፈረስ ስለሆነ ማንንም ይሸከማል” ብላችሁ አትምጡ። በሰፊው የሚሠራበት ልክ ኮርቻውን ጨምሮ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ ገደማ ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከሆነ 50 ኪሎ ማለት ነው። ብዙዎቻችሁ ከዚያ በላይ ናችሁ፤ ስለዚህ ትልቁን ፈረስ ጠይቁ፣ ሽምጡን ተዉት፣ ዳገት ላይ ውረዱ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ “ኮርቻውን አንሥተህ ጀርባውን አሳየን” በሉ። ባለቤቱ ቢያኮርፍም ጠይቁ። ቁስል ወይም እብጠት ካያችሁ አትውጡ፣ ለምን እንዳልወጣችሁም ፊት ለፊት ንገሩት። ጀርባው ጤነኛ የሆነ ፈረስ ያለው ሰው ስታገኙ ገንዘባችሁን ለእሱ ስጡ፣ ጓደኞቻችሁንም ወደ እሱ ላኩ።