ባላንስ ቻርጅ ምንድን ነው?

የሪሞት ሄሊኮፕተር ባትሪ ላይ ሁለት ዓይነት ሽቦ አለ። አንደኛው ወፍራም ቀይና ጥቁር ሲሆን የሞተሩ ኃይል የሚያልፈው በእሱ ነው። ሁለተኛው ጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ መሰኪያ ያለው የቀጫጭን ሽቦዎች ጥቅል ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ይቺን ነጭ መሰኪያ ቦታ አይሰጣትም። አይፈረድበትም፣ ሄሊኮፕተሩ ያለ እሷም ይነሳል። ባላንስ ቻርጅ የሚባለው ነገር ግን ያለ እሷ አይሠራም።

ባላንስ ቻርጅ ማለት በባትሪው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሴል ለየብቻ እየለኩ፣ ሁሉም እኩል ቮልቴጅ ላይ ደርሰው እንዲሞሉ አድርጎ ቻርጅ ማድረግ ነው።

አንድ ባትሪ ብለን የምንገዛው ሊፖ፣ ማለትም ሊቲየም ፖሊመር፣ በአብዛኛው የተደራረቡ ሴሎች ስብስብ ነው። የአንዱ ሴል ስመ ቮልቴጅ 3.7 ሲሆን ሞላ የሚባለው 4.2 ቮልት ሲደርስ ነው። ባትሪው ላይ 3ኤስ ተብሎ ከተጻፈ ሦስት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል ማለት ነው። ስሙ 11.1 ቮልት፣ ሲሞላ 12.6። 6ኤስ ደግሞ 22.2 ቮልት ሆኖ ሲሞላ 25.2 ይደርሳል። ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች የሚነሱት ከባትሪው ሁለት ጫፎችና ሴል ከሴል ከሚገናኝበት ከየቦታው ነው። ስለዚህ ቁጥራቸው ምንጊዜም ከሴሉ ቁጥር በአንድ ይበልጣል፤ 3ኤስ አራት ሽቦ፣ 6ኤስ ሰባት ሽቦ አለው። ቻርጀሩ በእነዚህ በኩል ነው የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ የሚያነበው።

ሴሎቹ እኩል ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ። አይሆኑም። ከፋብሪካ ሲወጡም በአቅምም ሆነ በውስጣዊ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ከረንትን በሚቃወሙበት መጠን፣ ትንሽ ትንሽ ይለያያሉ። መሀል ያለው ሴል ከዳሮቹ በላይ ይሞቃል። ሳይሠሩ ተቀምጠውም አንዱ ከሌላው ቶሎ ይጎድላል። በተከታታይ ስለተያያዙ ደግሞ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው ከረንት አንድ ነው። መጠናቸው በሚለያይ ሦስት ብርጭቆዎች ላይ እኩል ውሃ ስትቀዱ ትንሹ ቀድሞ ይፈስ የለ? እንደዚያው ነው።

ቻርጀሩ ወፍራሙን ሽቦ ብቻ የሚያይ ከሆነ የሚያውቀው ድምሩን ነው። 12.6 ሲደርስ ሞልቷል ብሎ ያቆማል። ውስጡ ግን 4.30፣ 4.20 እና 4.10 ሊሆን ይችላል። ድምሩ ልክ ነው፣ አንደኛው ሴል ግን ከልኩ አልፏል። ሊፖ ከ4.2 ሲያልፍ በውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይት መፍረስ ይጀምራል፣ ጋዝ ይፈጠራል፣ ባትሪው ያብጣል። ከዚያም በላይ ከተገፋ መጨረሻው እሳት ነው። የድሮዎቹ ኒኬል ባትሪዎች በዚህ በኩል ታጋሽ ነበሩ። በዝግታ ከልክ በላይ ሲሞሉ ቀድሞ የሞላው ሴል ትርፉን ወደ ሙቀት እየለወጠ ይቆያል፣ ሌሎቹ ደርሰውበት ይተካከላሉ። ሊፖ ላይ ይህ ትዕግሥት የለም።

ባላንስ የሚያደርግ ቻርጀር ሥራው የሚገርም አይደለም። መጀመሪያ የማይለዋወጥ ከረንት ይሰጣል። ሴሎቹ 4.2 ላይ ሲደርሱ ቮልቴጁን እዚያው ይዞ ከረንቱን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በዚህ መሀል አንድ ሴል ከሌሎቹ ቀድሞ ከሄደ፣ በነጩ መሰኪያ በኩል ከእሱ ላይ ትንሽ ከረንት ቀንሶ በሬዚስተር ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። በቃ። ከፊተኛው ላይ ይቀንሳል እንጂ ለኋለኛው ለይቶ አይጨምርለትም፤ በአብዛኞቹ የተለመዱ ቻርጀሮች ላይ ነገሩ ይኸው ነው። የሚቀንሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአንድ አምፒር በታች ነው። ሴሎቹ በጣም ከተራራቁ ቻርጀሩ መጨረሻው ላይ ደርሶ እዚያው የሚንቀራፈፈው ለዚህ ነው። አልተበላሸም፣ ታገሱት።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚስተው ነጥብ እንምጣ። ባላንስ ቻርጅ ደካማ ሴልን አያድንም። የሚያደርገው ሁሉንም ከእኩል መነሻ ማስነሳት ነው። ሩጫው ከተጀመረ በኋላ ደካማው ደካማ ነው። አቅሙ 2200 ሚሊአምፒር ሰዓት የሆነ 3ኤስ ባትሪ አስቡ። ሁለቱ ሴሎች ሙሉ አቅማቸው አላቸው፣ አንዱ ግን አርጅቶ 1900 ብቻ ይይዛል። ሦስቱም 4.2 ላይ ሞልተው ተነሱ። ከ100 እጅ 80ውን ተጠቅሞ ማረፍ የተለመደ ነውና 1760 አወጣችሁ። ጤነኞቹ ገና 440 ይቀራቸዋል። ደካማው የቀረው 140 ነው። አንዴ ኮሌክቲቩን፣ ማለትም የዋናውን ሮተር ምላጮች አንግል በአንድነት የሚለውጠውን መቆጣጠሪያ፣ ሳብ ስታደርጉት ሞተሩ ብዙ ከረንት ይጠይቃል፣ የዚህ ሴል ቮልቴጅም ወዲያው ይወርዳል።

የሞተሩ ስፒድ ኮንትሮለር የራሱ መከላከያ አለው፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ኃይል ይቀንሳል ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን እሱም የሚያየው ድምሩን ነው። 3.5፣ 3.5 እና 2.9 ቢደመሩ 9.9 ቮልት ነው። በአማካይ ለአንድ ሴል 3.3። ለኮንትሮለሩ ምንም ችግር የለም። ለሦስተኛው ሴል ግን ችግር ነው፣ ሊፖ ከ3 ቮልት በታች መውረድ የለበትም።

ሄሊኮፕተር ላይ ይህ ከሌላው ሞዴል የባሰበት ምክንያት አለ። አውሮፕላን ኃይል ሲያንሰው ክንፉ ይይዘዋል። ሄሊኮፕተርን የሚይዘው የሮተሩ ዙር ነው። በአብዛኞቹ ላይ የጭራው ሮተር በጥርስ ወይም በቀበቶ ከዋናው ጋር ስለተያያዘ፣ የዋናው ዙር ሲወርድ የጭራውም አብሮ ይወርዳል። ጭራው የሚገፋበት ኃይል ደግሞ ከዙሩ በላይ ይቀንሳል፤ ዙሩ በ10 እጅ ቢወርድ ግፊቱ ወደ 20 እጅ ገደማ ያንሳል። ጋይሮው፣ ማለትም ጭራው ሳይታዘዝ እንዳይዞር የሚጠብቀው መሣሪያ፣ የጭራውን ሰርቮ (የጭራውን ምላጮች አንግል የሚለውጠውን ትንሽ ሞተር) እስከ ጥግ ያዘዋል፣ ጭራው ግን አልይዝ ይላል። በበረራው መጨረሻ ላይ ብቻ ጭራው ድንገት የሚያመልጥ ከሆነ፣ የጋይሮውን ሴቲንግ ከመነካካት በፊት የሴሎቹን ቮልቴጅ ማየት ይሻላል። ጋይሮው በሌላው ጥፋት ስንት ጊዜ ተወቅሷል መሰላችሁ!

እንግዲህ በእኔ እይታ የነጩ መሰኪያ ትልቁ ጥቅም ማስተካከሉ ሳይሆን ማሳበቁ ነው። ግን መቼ እንደምታነቡት ይወስናል። ባትሪው ገና ሞልቶ ሲወጣ ሁሉም 4.20 ይላል፣ ምክንያቱም ቻርጀሩ አስተካክሎታል። መሀል ላይም የሊፖ ቮልቴጅ ብዙ ስለማይንቀሳቀስ ልዩነቱ ይደበቃል። እውነቱ የሚወጣው ወደ ታች ሲሆን ነው፣ እዚያ ቮልቴጁ እንደ ገደል ይወርዳል። ካረፋችሁ በኋላ ትንሽ አሳርፋችሁ በትንሿ ቮልት መለኪያ እዩት። ሁልጊዜ ያው ሴል ወደኋላ የሚቀር ከሆነ፣ ያ ሴል መልእክቱን አድርሷል። የባትሪ አላርም ሰክታችሁ ትታችሁት እንዳትሄዱ ብቻ። አንዳንዶቹ ኃይላቸውን ከጥቂቶቹ ሴሎች ብቻ ስለሚወስዱ ራሳቸው ባትሪውን ያዛቡታል።

ቻርጀሩ ላይ መምረጥ ያለባችሁ ነገር ብዙ አይደለም። የባትሪው ዓይነት ግን ቀልድ የለበትም። ሊፖ 4.2 ላይ ይሞላል፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚባለው ሊፖ 4.35፣ ለሪሲቨር (የሪሞቱን ትእዛዝ ለሚቀበለው ክፍል) የሚውለው ላይፍ፣ ማለትም ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ ደግሞ 3.6። አሳስታችሁ ከፍ ያለውን ከመረጣችሁ ባላንሱ ሁሉንም ሴሎች በእኩልነት ያበላሻቸዋል። ከረንቱ አምራቹ ሌላ ካላለ 1ሲ ነው፣ ማለትም 2200 ከሆነ 2.2 አምፒር። ለትልቅ ባትሪ የቻርጀሩን ዋት ማየት ያስፈልጋል። 5000 የሆነ 6ኤስ በ1ሲ ለመሙላት 5 አምፒር በ25.2 ቮልት፣ 126 ዋት ይፈልጋል። 50 ዋት ቻርጀር ላይ 5 አምፒር ብላችሁ ብትጽፉም ከ2 ብዙ አያልፍም። ያበጠ ባትሪ አይሞላም፣ ቻርጅ ላይ ያለም ብቻውን ተትቶ አይኬድም።

ለብዙ ቀን የማትበሩ ከሆነ ስቶሬጅ የሚለውን ምርጫ ተጠቀሙ። እያንዳንዱን ሴል ወደ 3.8 ወይም 3.85 አካባቢ ያመጣዋል። ሞልቶ የሚቀመጥ ሊፖ ሳይበር ያረጃል።

ባለ 1 ሴሎቹ ጥቃቅን ሄሊኮፕተሮች የባላንስ መሰኪያ የላቸውም፣ የሚተካከሉት ሌላ ሴል የለማ። በተቃራኒው ትልልቆቹ ብዙ ጊዜ ሁለት 6ኤስ ባትሪ በተከታታይ አያይዘው 12ኤስ ያደርጋሉ። እዚህ ላይ ባላንሱ የሚሠራው በየባትሪው ውስጥ ነው፤ ሲበር አንዱ ባትሪ ከሌላው ቀድሞ መድከሙን የሚያስተካክል የለም። ስለዚህ ጥንዶቹ አብረው ይገዛሉ፣ ቁጥር ይጻፍባቸዋል፣ አብረው ይሞላሉ፣ አብረው ይበራሉ። አንዱ ሲያረጅ አዲስ አምጥቶ ከቀሪው ጋር ማጣመር አይሆንም። ቀሪው ገና ደህና ከሆነ ብቻውን 6ኤስ ለሚጠቀም ሄሊኮፕተር ይሰጣል።